እዝንና ቀለብ፦ ለተፈናቃይ የበሰለ ማዕድ ማቅረብ በጅማና በቡና ከተሞቿ

ቤቱን ጥሎ ለሸሸ ሰው የሚሰጥ ምግብ በሁለት መልክ ይመጣል። አንዱ ጥሬው ነው፦ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ክክ፣ ዘይት። ይከማቻል፣ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ለነገ ይቀመጣል። ሌላው የበሰለው ነው፦ እንጀራ በወጥ፣ ገንፎ፣ ንፍሮ፣ አጥሚት። ዕድሜው አንድ ቀን ነው፤ ካልተበላ ይበላሻል። ሁለቱም ረኃብን ያስታግሣሉ፤ ሰጪና ተቀባይን የሚያገናኙበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። ጥሬ እህል የተቀበለ ሰው መቼ፣ ከማን ጋር፣ እንዴት አብስሎ እንደሚበላ ራሱ ይወስናል። የበሰለ የተቀበለ ሰው ግን ውሳኔው ሁሉ በሌላ እጅ አልቆ ይደርሰዋል። በአንጻሩ ድስት፣ ማገዶ፣ ውኃና ወፍጮ ለሌለው ሰው ጥሬ እህል ገና ምግብ አይደለም፤ የበሰለው ግን በዚያው ሰዓት ነፍስ ያድናል። ስለዚህ በግጭትና በድርቅ ለተፈናቀሉ ሰዎች ማዕድ ማቅረብ የመጓጓዣና የመጋዘን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከበስተጀርባው አንድ የሃይማኖትና የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ፦ ሰው ለተፈናቀለ ወገኑ ያለበት ግዴታ ማብላት ነው ወይስ ራሱ አብስሎ እንዲበላ ማስቻል?

የእንግዳ ምድር

ጅማና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ የቡ፣ ሰቃ፣ ሸቤ፣ ሰርቦና አሰንዳቦ፣ ይህን ጥያቄ ከመጻሕፍት ውጪ ያውቁታል። አባ ጅፋር 2ኛ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በገዙበት ዘመን የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ ከሩቅ አገር የሚመጣ ነጋዴም አይታጣበትም። ቡና የገበያ ሸቀጥ እየሆነ ሲሄድ ደግሞ የለቀማው ወራት በየዓመቱ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከዳውሮና ከሌላም ስፍራ ሠራተኛ ይስባል። በዚህ ምድር ከሌላ አገር የመጣ ሰው በጓሮም በገበያም የተለመደ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሰሞን ወደ 600 ሺሕ የሚጠጉ ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥተው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍሩ፣ ዋና ከተማው ጅማ የነበረው የከፋ ክፍለ ሀገር ከተቀባዮቹ አንዱ ሆነ። ከሰፋሪው ብዙው የሄደው ወድዶ አልነበረም። ከፊሉም በነባሩ ገበሬ መካከል ተሰግስጎ እንዲኖር ተደረገ፤ ለእንግዳው ጎጆ እንዲቀልስ የታዘዘውም ነባሩ ገበሬ ነበር። በትእዛዝ የተሠራ ደግነት ምጽዋት ይባላል ወይ የሚለው ጥያቄ ያኔውኑ የሚነሣ ነው። የተራበው ከሰጪው ፈቃድ ይልቅ የሚጎርሰውን ይሻል፤ ሰጪው ግን ተገድዶ የሰጠውን እንደ ግብር እንጂ እንደ ጽድቅ አይቆጥረውም። ግብር የከፈለ ሰው ደግሞ ተቀባዩን እንደ ጎረቤት ለማየት ጊዜ ይወስድበታል።

ምድሪቱ ተቀባይ ብቻ ሆና አልኖረችም፤ መፈናቀል ከውስጧም ተነሥቷል። በመስከረም 1999 ዓ.ም. በደመራ ሰሞን በበሻሻና በአጋሮ ዙሪያ በክርስቲያኖችና በሙስሊሞች መካከል በተነሣው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሏል፣ ብዙ ሰውም ከቀዬው ተሰድዷል። በየካቲትና በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በአሰንዳቦ ተነሥቶ በአካባቢው በተዛመተው ሁከት ከ50 በላይ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሽተዋል። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከጅማ ዞን ነዋሪ ከዐሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆነው ሙስሊም ነው፤ በጅማ ከተማ ግን ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ በቁጥር ይቀራረባሉ፣ ፕሮቴስታንቱም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በዚህ አገር ለተፈናቃይ ድስት የሚጥድ ሰው ከሌላ ሃይማኖት ለመጣ ሰው መጣዱ አይቀርም፤ አንዳንዴም በሃይማኖቱ ምክንያት ለተሰደደ ሰው ይጥዳል።

ሌላም ነገር አለ። የቡና አገር እህሉን በብዛት የሚሸምት አገር ነው። ቡናው ከመድረሱ በፊት ባለው ክረምት የገበሬው እጅ ያጥራል፤ የቡና ዋጋ በወደቀ ዓመት ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ተፈናቃይ የሚመጣበት ወር ተቀባዩ ራሱ የሚቸገርበት ወር ሊሆን ይችላል። ነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባቸውን አቡ ዘርን ወጥ በሠራ ጊዜ ውኃውን አብዝቶ ጎረቤቱን እንዲያስብ እንደመከሩት በሐዲስ ተዘግቧል። ምክሩ ትርፍ ላለው ሰው የተነገረ አይደለም፤ ያለችውን አቅጥኖ ለሚያካፍል ነው።

ባለቤት ማድረግና ማብላት በእስልምና

በእስልምና ሕግ ማብላት የርኅራኄ ስሜት ብቻ አይደለም፤ መጠንና ሥርዓት የተበጀለት አምልኮ ነው። መሐላውን ያፈረሰ ሰው ከሚያካክስባቸው መንገዶች አንዱ ዐሥር ድሆችን መመገብ ነው። ቁርኣን በአል-ማኢዳ ምዕራፍ 89ኛ አንቀጽ ይህን ሲደነግግ መለኪያም አኑሯል፦ ምግቡ ሰውየው የገዛ ቤተሰቡን ከሚመግበው መካከለኛው መሆን አለበት። ከምርጡ እንዲሆን አልተገደደም፤ ከጥራጊው ግን ተከልክሏል። ይህ መለኪያ ለተፈናቃይ ማዕድ ቢወሰድ ብዙ ነገር ያጠራል። ቤቱ እንጀራ እየበላ ነቀዝ የበላውን እህል ለመጠለያ የሚልክ ሰው ሰጥቷል፤ አልመገበም።

ሊቃውንቱ የተለያዩት ግዴታው በምን ይፈጸማል በሚለው ላይ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ፣ ማለትም የሕግ ትምህርት ወገን፣ ለእያንዳንዱ ድሃ ሁለት መዳፍ ሙሉ የሆነ አንድ ሙድ እህል በእጁ ሊገባና የራሱ ሊሆን ይገባል፤ ድሆችን ጠርቶ ማብላት ብቻውን አይበቃም። በሐነፊ መዝሀብ ግን ዐሥሩን ሰዎች ምሳና ራት አጥግቦ ያበላ ሰው ግዴታውን ተወጥቷል። የመጀመሪያው ተምሊክ ይባላል፣ ባለቤት ማድረግ፤ ሁለተኛው ኢባሓ ነው፣ እንዲበላ መፍቀድ። በኢትዮጵያ ሁለቱም መዝሀቦች ተከታይ አሏቸው፤ ስለዚህ ክርክሩ ለአገሩ ባዕድ አይደለም።

ሻፊዒዮች በዒድ አል-አድሓ እርድም ተመሳሳይ መርህ ይከተላሉ። ኡድሒያ ከሚባለው ከዚህ እርድ ለድሃ የሚገባው ድርሻ ጥሬ ሥጋ መሆን አለበት፤ ድሃው እንደ ፈቀደ እንዲያደርገው፣ ቢሻው እንዲያበስለው፣ ቢሻው እንዲሸጠው። ለአዲስ ልጅ የሚታረደው ዐቂቃ ግን በስሎ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ደስታውን ማካፈል ነውና። በአንድ መዝሀብ ውስጥ ጥሬውም የበሰለውም ቦታ አላቸው። መብት ሲከፈል ጥሬው፣ ሕይወት ሲጋራ የበሰለው ይቀድማል።

በሦስተኛ ደረጃ የሚመጣው ሐዘን ነው። የነቢዩ የአጎት ልጅ ጃዕፈር በ629 እ.ኤ.አ. በሙእታ ጦርነት ሲወድቅ፣ ነቢዩ ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዋል፤ ምክንያቱንም ሲያስረዱ ቤተሰቡን ከማብሰል የሚያግድ ነገር ደርሶበታል ብለዋል። እዚህ ላይ የበሰለ ምግብ የሚሰጠው ተቀባዩ ድሃ ስለሆነ አይደለም። ዱቄትም ድስትም ሊኖረው ይችላል፤ የጠፋው አቅም ነው፤ እጁ ለሥራ አይታዘዝለትም።

ግዴታ የሆነው ምጽዋት፣ ዘካ፣ የራሱ ወሰን አለው። ቁርኣን ከዘረዘራቸው ስምንት ተቀባዮች መካከል ድሃ፣ ችግረኛና መንገደኛ ይገኙበታል፤ ተፈናቃይ ሦስቱንም ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ ሊቃውንት ግን ዘካን ለሙስሊሞች ይወስኑታል። በፈቃድ የሚሰጠው ሰደቃ ይህ ወሰን የለበትም። የአል-ኢንሳን ምዕራፍ ለአላህ ውዴታ ብለው የሚያበሉትን ሲያመሰግን ከድሃና ከየቲም ቀጥሎ እስረኛን ይጠራል፤ በዚያ ዘመን በሙስሊሞች እጅ የነበረው እስረኛ ደግሞ የሌላ እምነት ሰው ነበር። ስለዚህ በአጋሮ ወይም በየቡ ለተሰደደ ክርስቲያን ድስት የሚጥድ ሙስሊም ከሰደቃው ይጥዳል፤ ሃይማኖቱም አይከለክለውም።

ሰንበቴ፣ ተዝካርና የሰባቱ ዲያቆናት ነገር በክርስትና

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ምጽዋት በብዛት የሚሰጠው በበሰለ መልክ ነው። የሰንበቴ ማኅበርተኛ ተራው ሲደርስ ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ወደ ደጀ ሰላም ይሄዳል፤ ከዚያ ነዳያን ይካፈላሉ። በየወሩ የሚጠጣው ማኅበር ዝክር ይዘከርበታል። በተዝካር ካህናትና ድሆች ይበላሉ። በዚህ ሥርዓት ማዕዱ ከጸሎት አይለይም፤ የሚባረከውም የሚቆረሰውም እንጀራና ዳቦ ነው። የማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ የተራበን ማብላትንና እንግዳን መቀበልን ለክርስቶስ እንደተደረገ ስለሚቆጥር፣ ምእመኑ በደጁ የተቀመጠውን ሰው እንደ ጌታ እንግዳ እንዲያይ ይማራል።

ጾምም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ምእመናን በዓመት 180 ያህል ቀን ይጾማሉ። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የሚመርጠውን ጾም ሲገልጽ እንጀራን ለተራበ ማካፈልንና ቤት የሌለውን ወደ ቤት ማስገባትን ያነሣል። በግእዝ ተተርጉሞ በኢትዮጵያ ገዳም ተጠብቆ የቆየው የሄርማስ መጽሐፍ ደግሞ ሥራ ላይ የሚውል ትምህርት ይሰጣል፦ የጾመ ሰው ያልበላውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ ይስጥ። ጾሙ በሆድ ቀርቶ በሌላው ገበታ ላይ እንዲታይ ነው።

ከምግብ እደላ የተነሣው የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን ጠብ በሐዋርያት ሥራ 6ኛ ምዕራፍ ተጽፏል። ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለታዊው እደላ ችላ ተባሉ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ቅሬታውን እንደ ተራ ጭቅጭቅ አላጣጣሉትም፤ ታማኝነታቸው የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች አስመርጠው ለዚሁ አገልግሎት ሾሟቸው። ሰባቱም የግሪክ ስም ነበራቸው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ድስቱ አጠገብ የሚቆመው ሰው የተረሳውን ወገን ቋንቋ የሚያውቅ መሆን አለበት። በጅማ መጠለያ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ከምባትኛ ወይም ዳውርኛ የሚናገር ሰው ጭልፋውን መያዙ ወይም አለመያዙ በእደላው ፍትሕ ላይ ለውጥ ያመጣል።

ቅዳሴው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሚቀደስለት ቅዱስ ባስልዮስ በ369 እ.ኤ.አ. ገደማ በቂሳርያ በደረሰው ረኃብ ጊዜ ያደረገው ሁለቱንም መንገድ ያሳያል። አስቀድሞ እህል ያከማቹትን ባለጸጎች በስብከቱ ገሠጸ፤ ቀጥሎም የተራቡትን ሰብስቦ በትልልቅ ድስት የጥራጥሬ ሾርባ እያስቀቀለ በገዛ እጁ አደለ። ድስቱ ተጥዶም ጎተራውን ከመናገር አልቦዘነም።

የኤልያስ ታሪክ ደግሞ ድርቅንና ስደትን አንድ ላይ ያመጣል። በድርቁ ጊዜ የሰራፕታዋ መበለት ከማድጋዋ እፍኝ ዱቄትና ከጥቂት ዘይቷ ለእንግዳው ጋገረችለት፤ ከዚያ ወዲያ ማድጋዋ ባለመጉደሉ ከልጇ ጋር ኖረች። ኋላ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ሞትን እየተመኘ በዛፍ ሥር ሲተኛ መልአኩ ያመጣለት ግን ዱቄት አልነበረም፤ የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ነበር። ሁለት ጊዜ ብላ ተብሎ ተቀሰቀሰ፤ በሁለተኛውም መንገዱ ረጅም መሆኑ ተነገረው። ከበላ በኋላም እዚያው አልቀረም፤ ተነሥቶ ሄደ።

የድስቱ ድንበር

በኢትዮጵያ ክርስቲያንና ሙስሊም በብዙ ነገር ተዋሕደው ቢኖሩም አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። የመጽሐፉ ሰዎች የሚባሉት የአይሁድና የክርስቲያኖች ምግብ በአል-ማኢዳ 5ኛ አንቀጽ የተፈቀደ ቢሆንም የአገሩ ልማድ ከዚህ የጠበቀ ነው፤ በክርስቲያኑም በኩል እንዲሁ። በሠርግና በለቅሶ ለየሃይማኖቱ የተለየ ከብት ይታረዳል፣ የተለየ ድስት ይጣዳል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ድንኳን ይቀመጣል። ይህ ድንበር ዘላለማዊ አይደለም። ቡና ራሱ በክርስቲያኖች ዘንድ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ድረስ የሌላ ወገን መጠጥ ተብሎ ይነቀፍ ነበር፤ ዛሬ ያለ ቡና የክርስቲያን ለቅሶ የለም።

ነገር ግን ድንበሩን የመሻገሪያው ቦታ የተፈናቃይ መጠለያ አይደለም። ቤቱን፣ ማሳውን፣ ከብቱንና ጎረቤቱን ያጣ ሰው ከቀድሞ ሕይወቱ የቀረለት ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለተቸገረ ሰው በር ይከፍታሉ። በእስልምና ነፍሱ ልትወጣ የደረሰች ሰው የተከለከለውን ቢበላ ኃጢአት የለበትም፤ በኦርቶዶክስም የንስሓ አባት ለታመመና ለደከመ ሰው ጾምን ያቀልላል። ሆኖም ይህ ፈቃድ የተሰጠው ለበላተኛው ነው፤ ለአብሳዩ አይደለም። ሌላ መንገድ እያለው የተራበው ሰው ጨንቆት እንዲበላለት የሚያበስል ሰው በሌላው ችግር ሕግ ያፈርሳል።

መፍትሔው በየቤቱ ጓዳ አለ። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመንና ድንች በዘይት ሲሠሩ ኦርቶዶክሱ በረቡዕና በዓርብ፣ ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም በማንኛውም ቀን ይበሉታል። የጾም ምግብ በዚህ ጊዜ የአንድ ሃይማኖት ሥርዓት መሆኑ ቀርቶ የሁሉ ገበታ ይሆናል። በሕንድ የተነሡት ሲኮች ለማንም መንገደኛ ክፍት በሆነው የቤተ መቅደሳቸው ማዕድ ሥጋ የማያቀርቡት በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ማንም ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት ከገበታው እንዳይነሣ። ሥጋ ካስፈለገ ግን ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ ያሻል፤ ሥጋ የተሠራበት ድስትም ሳይታጠብ ለጾም ወጥ አይመለስም። ረመዳን ሲሆን ራቱ ለኢፍጣር እንዲደርስ፣ ሱሑሩም እንዳይረሳ የማብሰያው ሰዓት ይለወጣል። ይህ ሁሉ የወጥ ቤት ዝርዝር ቢመስልም የእምነት ነጻነት በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው።

ምድጃ የሌለው ቤተሰብ

በኢትዮጵያ የተለመደው የእርዳታ ቀለብ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት ነው። እህሉ ሲመጣ ወፍጮ ይጠይቃል፤ ወፍጮው ብር ይጠይቃል፤ ብሩ ከዚያው እህል ተሸጦ ይገኛል። ማገዶ ለመልቀም ከመጠለያ የምትወጣ ሴት ደግሞ ለጥቃት ትጋለጣለች። በዚህ ሁኔታ የበሰለ ምግብ ብዙ ሸክም ያቃልላል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከቡራዩ ሸሽተው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ለተጠለሉት፣ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ደግሞ ከሰሜኑ ጦርነት ሸሽተው ደሴ ለገቡት ቀድሞ የደረሰላቸው የነዋሪው እንጀራ ነበር። ጭነት መኪና ሳይነሣ የሰፈር ሴቶች አብስለው ይደርሳሉ። በሌላም በኩል የበሰለ ምግብ አይሰረቅም ለማለት ባያስደፍርም ለመሰረቅ አይመችም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታ ከታለመለት ሰው እጅ እየወጣ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታን ሲያቆሙ ጉዳዩ የተነሣበት ጥሬ እህል ነበር።

የበሰለው ግን የራሱ ጉድለት አለው። አንደኛ፣ የነዋሪው ጓዳ ለቀናትና ለሳምንታት እንጂ ለወራት አይዘልቅም። ሁለተኛ፣ ለብዙ ቀን በረኃብ የቆየ ሰውነት እንዳገኘ ቢበላ ሊሞት ይችላል፤ በጽኑ የተጎዳ ሕፃን በቀጭን ወተት ጀምሮ በልክና በደረጃ መመገብ ስላለበት ፍቅር ብቻውን አይበቃም፣ የጤና ባለሙያ ያስፈልጋል። ሦስተኛውና ዋናው የቤተሰብ ነገር ነው። እናት ለልጆቿ ማብሰል ስታቆም፣ አባት ያመጣው ነገር ሳይኖር ሲቀር፣ ሁሉም እንደየራሱ ሳህን ይዞ ሲሰለፍ፣ ቤተሰቡ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኖም ቤተሰብነቱ ይላላል። በኢትዮጵያ ገበታ አንድ ትሪ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ማን ቀድሞ እንደሚቆርስ፣ ማን ማንን እንደሚያጎርስ የቤቱ ሥርዓት ነው። ሰልፍ ይህን ሥርዓት ያፈርሳል። ስለዚህ የሰብአዊ እርዳታ መለኪያ የሆነው የስፊር መመሪያም የበሰለ ምግብን የሚመክረው ሰዎች ማብሰል በማይችሉበት የመጀመሪያ ወቅት ወይም በጸጥታ ችግር ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀለቡ ለቤተሰቡ እንዲሰጥ ይፈልጋል።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የ1965 እና የ66ቱን የወሎ ረኃብ ሲመረምር የደረሰበት ድምዳሜ ለዚህ ክርክር መሠረት ይሆናል። በአገሪቱ የነበረው እህል ያን ያህል አልጎደለም፤ የጎደለው ወሎዬው እህሉን የሚያገኝበት መብትና አቅም ነበር። ረኃብ የእህል እጦት ብቻ ካልሆነ መድኃኒቱም ማብላት ብቻ ሊሆን አይችልም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አዋሳኝ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሲፈናቀል ብዙው ባለ ቡና ማሳ ነበር፤ ሳህን ተይዞ ከተሰጠው ወጥ በላይ የሚያስፈልገው ማሳው ተመልሶለት ቡናውን መልቀም ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ ሊቅና ሐኪም ሙሴ ማይሞኒደስም የምጽዋትን ስምንት ደረጃዎች ሲደረድር ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ሰውን ዳግም ምጽዋት ከመፈለግ የሚያወጣውን ነው።

የሰጪው ልብ

በአል-በቀራ ምዕራፍ ምጽዋትን በመመጻደቅና በማስቀየም ማበላሸት ተከልክሏል፤ በማቴዎስ 6ኛ ምዕራፍም ምጽዋት በስውር እንዲሆን ታዝዟል። በስልክ ካሜራ ፊት ለተፈናቃይ እንጀራ የሚያድል ሰው ሁለቱንም ይጥሳል። ረጂውን ያስመሰገነው ምስል ተረጂውን በአገር ፊት ለማኝ ያደርገዋል፤ ምናልባት ካለፈው ወር በፊት እርሱም ያበላ የነበረ ነው። ተቆጣጣሪና ሒሳብ ጠያቂ መኖሩ ተገቢ ነው፤ ለዚያ ግን ደረሰኝና መዝገብ ይበቃል፣ የተራበ ፊት አያስፈልግም።

ከዚህ የሚከፋው ምግብን ሃይማኖት ማስለወጫ ማድረግ ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1972 እ.ኤ.አ. ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ ለውጭ ለጋሾች በጻፈችው ደብዳቤ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ተከፍሎ እንዳይታይ ጠይቃለች። ይህ ትምህርት በትክክል ሲወሰድ ስብከትን ከሳህን ጋር ማሰር አይፈቅድም፤ ሙሉ ሰው ብሎ የሚያይ የሰውየውን የራሱን እምነትም ያያልና። የቀይ መስቀልና የረድኤት ድርጅቶች በ1994 እ.ኤ.አ. ያጸደቁት የሥነ ምግባር ደንብም እርዳታ የፖለቲካ ወይም የሃይማኖት አቋም ማራመጃ እንዳይሆን ይደነግጋል። ጅማን በመሰለ፣ የ1999ና የ2003 ቁስል ባለበት ምድር፣ ይህን መጣስ ሌላ መፈናቀል መዝራት ነው።

ሕዝቡ «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው ከምግቡ ይልቅ የሰጪው አቀባበል ስለሚቀድም ነው። ኢብራሂም ወይም አብርሃም በኦሪት ዘፍጥረት 18ኛ ምዕራፍም ሆነ በቁርኣን ሳያውቃቸው የመጡትን እንግዶች ማንነታቸውን ከመመርመሩ በፊት ጥጃ አርዶ አቀረበላቸው። የቁርኣን ተርጓሚዎች ከአቀራረቡ ሥርዓት ያወጣሉ፦ ድካሙን ሳያሳይ ወደ ቤተሰቡ ሾልኮ ሄደ፣ ትበላላችሁ ወይ ብሎ አላሳፈረም፣ እነርሱን ወደ ምግቡ ሳይጠራ ምግቡን ወደ እነርሱ አቀረበ። ለመጠለያ አዳዮችም ከዚህ የተሻለ መመሪያ አይገኝም። ምግቡ በቤተሰብ ተቆጥሮ በትሪ ወደ ማረፊያቸው ቢደርስ ሰልፉ ይቀራል፤ ቤተሰቡም በራሱ ሥርዓት ይበላል።

የሁለቱ ግዴታዎች ቅደም ተከተል

እስካሁን የታዩት ትምህርቶች ሲደመሩ ማብላትና ማስቻል የሚጋጩ ግዴታዎች አይደሉም፤ የሚለያዩት በጊዜ ነው። ይህንንም የአገሩ ሰው በለቅሶ ሥርዓቱ ያውቀዋል። ሰው የሞተበት ቤት እሳት አይነድበትም፤ ጎረቤት እዝን፣ ማለትም ለሐዘንተኛ የበሰለ ምግብ፣ ይዞ ይመጣል፣ እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ድስትና ሳህን ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። ሐዘንተኛው ሀብታም ይሁን ድሃ ማንም አይጠይቅም፤ እዝን የበላ ሰውም አያፍርም። ቀኑ ሲሞላ ግን ድንኳኑ ይነሣል፣ የቤቱ እሳትም ይነድዳል። ተፈናቃይ ሐዘንተኛ ነው፤ ሰው ባይሞትበት እንኳ ቤት ሞቶበታል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የበሰለ ማዕድ እዝን ነው፣ ለችግረኛ የሚወረወር ፍርፋሪ አይደለም። እዝን ግን ወር አልፎ ዓመት ሲሆን ሐዘንተኛውን ከቤቱ ባለቤትነት ያወርደዋል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ቀለቡ፣ ድስቱ፣ ማገዶው፣ በመጨረሻም ማሳውና ቤቱ ነው፤ ይህም በሻፊዒ ሊቃውንት ቋንቋ የራሱ ሊሆን የሚገባ ድርሻ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አስቸጋሪው ነው። በዚያ ጊዜ የተፈናቀሉት ሴቶችና ወንዶች ራሳቸው ወጥ ቤቱን ቢረከቡ፣ የሚገዛውንና የሚበስለውን ቢወስኑ፣ ሲሆንም ለድካማቸው ቢከፈላቸው፣ የበሰለው ምግብ ከሌላ እጅ የመጣ መሆኑ ይቀርና ከራሳቸው ምድጃ የወጣ ይሆናል። የኦሮሚያ ክልል በ2014 ዓ.ም. ገደማ በመንግሥት መዋቅር ያቋቋመው ቡሳ ጎኖፋ የተባለው የመረዳጃ ተቋም መነሻው የተጎዳን ሰው ወገኑ አዋጥቶ መልሶ የሚያቋቁምበት የኦሮሞ ባህል ነው። ዓላማው ሰውየውን ወደ ቀድሞ ኑሮው መመለስ ስለሆነ ከላይ ከተባለው ጋር ይስማማል፤ ከባህሉ ጋር የሚጸናውም መዋጮው በፈቃድ እስከሆነ ድረስ ነው።

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ያለ እድር፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ከዚህ የሚወስደው የሥራ መመሪያ አጭር ነው። ከቤትህ መካከለኛ ምግብ አብስል። ሁሉም የሚበላውን አብስል። ጭልፋውን ቋንቋቸውን ለሚያውቅ፣ ከተቻለም ለራሳቸው ስጥ። ፎቶውን ተው። ቀኑ ሲሞላም ድስቱን አስረክብና ማሳቸው እንዲመለስ ከእነርሱ ጋር ቁም። የበሰለ ማዕድ ጽድቅ የሚሆነው ተቀባዩ አንድ ቀን የማያስፈልገው እንዲሆን ታስቦ ሲሰጥ ነው።